መጻሕፍቱ ገብተዋል፤ ቁልፉ ማን ጋ ነው?

በከተማችን ልጆች የኢንተርኔት መድረክ ላይ ሰሞኑን የተከፈተው የውይይት ክር በጣም ረዝሟል። ሥራ የዋላችሁ፣ ኔትወርክ የነሳችሁ፣ መሐሉ ላይ ደርሳችሁ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ግራ የገባችሁ ብዙ ናችሁ። ስለዚህ ከላይ ጀምሬ ላውራችሁ። የማንንም ቃል አልገለብጥም፣ ስድቡንም አልደግምም። የራሴን ሐሳብ ግን መሐል መሐል ጣል ማድረጌ አይቀርም።

ክሩን የከፈተችው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን የአማርኛ መምህርት ናት። ለሁላችንም የከበረ ሰላምታ ካቀረበች በኋላ ባዋጣነው ገንዘብ አዲስ አበባ የተገዙት መጻሕፍት መድረሳቸውን አበሰረች። የተረት መጻሕፍት፣ የሳይንስ አጋዥ፣ ካርታዎች፣ መዝገበ ቃላት። ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ተቆርጦላቸው በንብረት ክፍል በኩል ወደ ቤተ መጻሕፍት ገብተዋል። በዚህ ሴሚስተር የሥነ ጽሑፍ ክበቡ እንደገና ይጀምራል፣ ሚኒ ሚዲያውም በዕረፍት ሰዓት ተረት ያነባል አለች። ከዚያ ጥያቄዋን አስከተለች፦ ልጆቹ መጽሐፍ ወደ ቤት ይዘው ይሂዱ ወይስ እዚያው ተቀምጠው ያንብቡ? እሷ ይዘው ይሂዱ ባይ ናት።

ከ1 እስከ 3 ያሉት መልሶች ምርቃትና ምስጋና ናቸው። እጃችሁ ይባረክ፣ ዕድሜ ይስጣችሁ፣ አበባና ጭብጨባ።

ቁጥር 4 አዲስ አበባ ያለ የሂሳብ ሠራተኛ ነው። በትሕትና ነው የተቃወመው። የሕዝብ ገንዘብ የወጣበት መጽሐፍ ከግቢ መውጣት የለበትም ይላል። ተማሪ ሳለ ከአንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት የመጡ መጻሕፍት በአንድ ክረምት ተበትነው ሲቀሩ አይቷል። አንዷን ገጽ ቆሎ ተጠቅልሎባት አግኝቻታለሁ ብሎ ምሏል። ይህን አምነዋለሁ፤ በእኛ አገር ቆሎ ያልተጠቀለለበት ወረቀት የለም።

ቁጥር 5 ወደ ትዝታ ወሰደን። በእሱ ጊዜ አውቶቡስ ተራው አጠገብ ልብ ወለድ የሚያከራይ ሱቅ ነበር። ማስያዣ ትሰጣለህ፣ በቀን ሳንቲም ትከፍላለህ። ኪራዩ እንዳይቆጥር በኩራዝ ሌሊቱን አንብበህ ጠዋት ትመልሳለህ። ባለሱቁ መጽሐፉን ገልጦ ገጽ ይቆጥራል፣ የተቀደደ ካለ ከማስያዣው ይቀንሳል። ቁጥር 6 ይሄን ይዞ ታዲያ እኛም ማስያዣ እንጠይቅ አለ። መምህርቷ በቁጥር 7 ተመለሰችና ደብተር መግዣ ያጣ ልጅ ማስያዣ ከየት ያመጣል ብላ ጠየቀች። አነጋገሯ ጨዋ ነው፣ ግን ከዚህ በኋላ ማስያዣ የሚለውን ሐሳብ ያነሳ የለም።

ቁጥር 8 ላይ ነው ነገሩ የከረረው። የጻፈው ራሱ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ነው።

ሰውየው በቤተ መጻሕፍት ሙያ አልሠለጠነም። ሌላ የሥራ መደብ ላይ ነበር፣ ሰው ሲጠፋ ወደዚህ አዛወሩት። መጻሕፍቱን በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ደረሰኝ) ፈርሞ ተረክቧል። አንድ መጽሐፍ ቢጠፋ የሚጠየቀው እሱ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ሠራተኛ ዝውውር አግኝቶ ሊሄድ ሲል ክሊራንስ ተከለከለ። የጎደሉትን መዝገበ ቃላት ከኪሱ ገዝቶ እስኪተካ ድረስ ወሩን ሙሉ ሲመላለስ ከረመ። መጻሕፍቱን ያጠፋቸው ግን እሱ አልነበረም፤ ቢሮ ድረስ አስልከው የወሰዱ መምህራን ናቸው፣ አንዳቸውም አልፈረሙም። ይሄን ያየ ሰው ምን ያደርጋል? አዲሶቹን መጻሕፍት ባለመስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ ደርድሮ ቆለፋቸው። ልጆቹ በመስታወት ያዩዋቸዋል። የፈለገ ልጅ ስሙን ጽፎ፣ መታወቂያውን አስይዞ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ያነባል። ደመወዜ ምን ያህል እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ልጆች አሉኝ ብሎ ጨረሰ።

ቁጥር 9 አላዘነለትም። የመጽሐፍ ሠራተኛ ሳይሆን የመጋዘን ዘበኛ ነህ የሚል መንፈስ ያለው ነገር ጽፏል፣ ሌላም ጨምሯል። አልደግመውም ብያለሁ። ቁጥር 10 ብዙዎቻችንን ፊደል ያስቆጠሩት ጡረተኛ መምህራችን ናቸው። አንተ ልጅ ብለው ጀመሩ። ሰው ስለ ሥራው እውነቱን ሲናገር አይሰደብም፣ እኔም በአገልግሎት ዘመኔ ሳጥን ቆልፌአለሁ አሉ። ቁጥር 9 ይቅርታ ጋሼ ብሎ ስድቡን አጠፋ። ስክሪንሾቱ ግን በሌላ ቡድን ሲዞር አይቻለሁ።

እኔ እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። እስከ ቁጥር 8 ድረስ የምንከራከረው ልጆች ይታመናሉ አይታመኑም በሚል ነበር። ሠራተኛው የነገረን ሌላ ነገር ነው። ሳጥኑ የተቆለፈው በልጆቹ ጥፋት አይደለም፣ በፊርማው ነው። ጉድለቱ በሙሉ አንድ ሰው ትከሻ ላይ እስካረፈ ድረስ ያ ሰው ምንም ደግ ቢሆን ይቆልፋል። መቶ ካርቶን ብንጨምር መቶ ካርቶን ይቆለፋል።

ከዚህ በኋላ ወሬው ትንሽ ተበተነ። ቁጥር 11 በአህያ የሚጎተተውን ቤተ መጻሕፍት አነሳ፤ አዲስ አበባ ውስጥ አህያ እየዞረች ልጆች እንዳስነበበች ጻፈ። ቁጥር 12 አረመው። የአህያው ጋሪ ሐዋሳ ነበር፣ አዲስ አበባ ላይ በ1995 ዓ.ም. የተከፈተው የሾላው የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ነው አለ። ሁለቱም ግን የዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሥራዎች ናቸው። ዮሐንስ ሳን ፍራንሲስኮ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ይሠራ የነበረ ሰው ነው። እዚያ ለሐበሻ ልጆች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ሲያጣ ራሱ ጽፎ ማሳተም ጀመረ፤ በኋላም ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለውን ድርጅት አቋቁሞ አገሩ ገባ። በ2008 እ.ኤ.አ. ሲኤንኤን ከዓመቱ አሥር ጀግኖች አንዱ አድርጎ መረጠው። ቁጥር 12 ይሄን ሁሉ ዘርዝሮ ሲያበቃ የጨመራት ነገር ደስ ብላኛለች፦ የአህያዋ ጋሪ ጎኗ ተከፍቶ ነው የሚታየው፣ ልጅ እጁን ሰዶ መምረጥ ይችላል።

ቁጥር 13 በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የዘመቱ አባት ናቸው። ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር ገጠር ተመድበው በማሾ ብርሃን አዋቂ ሰው አስተምረዋል። በኋላ በገበሬ ማኅበሩ የንባብ ቤት ተከፈተ፣ ገበሬው ቡክሌት ወደ ቤቱ ይወስድና በገበያ ቀን ይመልስ ነበር አሉ። ዘመቻው ያገኘውን የዩኔስኮ ሽልማትም አነሱ። ይሄኔ አንዱ ስለ ደርግ ጻፈ፣ ሌላው ስለ ቀይ ሽብር መለሰ፣ የመድረኩ ኃላፊ አምስት ስድስት መልስ ሰረዘ። ስለዚህ ቁጥሮቹ ተዘልለው ብታዩ አትደንግጡ። የአባታችን የገበያ ቀን ግን በዚህ ግርግር ጠፋች፤ ኋላ ላይ እመለስባታለሁ።

ቁጥር 20 በምፀት ነው የመጣው። አዲስ አበባ አራት ኪሎ ላይ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የተመረቀውን አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አየሁት፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መጽሐፍ እንዲይዝ የተሠራ ነው፣ እኛ ለአንድ ቁም ሳጥን እንጣላለን አለ። ቁጥር 21 አብርሆት ቢሞላ ለእኛ ልጅ ምን ይረባዋል፣ የትራንስፖርቱን ብር አንተ ትከፍላለህ ወይ ሲል መለሰ። ሁለቱም የሚያወሩት ልክ ነው። የሚያጣላ ነገር አልታየኝም፣ እነሱ ግን ተጣሉ።

ቁጥር 22 ቨርጂኒያ የሚኖር ወንድማችን ነው። መጽሐፍ ችግር ከሆነ እዚህ ሰዎች ከየቤታቸው የሚያወጡትን ሰብስበን በኮንቴይነር እንልካለን አለ። ቁጥር 23 የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህርት ናት፤ ከሁሉም ሹል መልስ የእሷ ነው። ከዚህ ቀደም የመጡትን ካርቶኖች የከፈተቻቸው እሷ ነበረች። የአሜሪካ ግብር አሞላል መመሪያ፣ ጊዜው ያለፈበት የኮምፒውተር ፕሮግራም መጽሐፍ፣ ስለ በረዶ መንሸራተት የሚያወሩ የሕፃናት መጻሕፍት ተገኙ። የቀረጥ ነፃ ደብዳቤ ለማግኘት የተኬደው መንገድ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። የመጓጓዣውን ገንዘብ ብትልኩልን አዲስ አበባ ላይ አማርኛ መጽሐፍ እንገዛበት ነበር አለች። ወንድማችን ተከፋ። በቁጥር 24 እርዳታ መለመን ታውቃላችሁ፣ ሲሰጧችሁ ታማርራላችሁ የሚል ይዘት ያለው መልስ ጽፎ ወጣ። በማግስቱ ግን ተመልሶ ምን ዓይነት መጽሐፍ እንደሚፈለግ ዝርዝር ጠየቀ። ዝርዝሩን የሰጠው ሰው እስካሁን የለም፣ እባካችሁ አንድ ሰው ይስጠው።

ቁጥር 25 ስለ ስልክ ነው። ልጆቹ ቲክቶክ ላይ ተጥደው ይውላሉ፣ መጽሐፍ ቢሰጣቸውም አያነቡም ይላል። ማስረጃው የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው፦ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ፣ በ2015 ደግሞ 3.2። መምህርቷ በቁጥር 26 ቁጥሩ እውነት ነው፣ ግን ቲክቶክ ሳይመጣም ነገሩ ነበረ አለች። በ2002 ዓ.ም. የንባብ ችሎታ ጥናት ሲደረግ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በዚያን ጊዜ በእኛ ከተማ ስማርት ስልክ የነበረው ማን ነው? አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር ደግሞ የመማሪያ መጽሐፉ ራሱ አልደረሰም፤ በፒዲኤፍ ነው ያስተማርነው፣ ስልክ የሌለው ልጅ ከጓደኛው ትከሻ በላይ ያነብ ነበር አለች። ቁጥር 25 ከዚያ በኋላ አልተሰማም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ቁጥር 27 የወረዳ ፋይናንስ ባለሙያ ነው። በዚህ ክር ውስጥ ከሁሉም የጠቀመን እሱ ይመስለኛል፣ ከሁሉም ያነሰ ላይክ ያገኘውም እሱ ነው። ያነሳው ነጥብ ቀላል ነው። የመማሪያ መጽሐፍ መስከረም ላይ ለተማሪ ይታደላል፣ ሰኔ ላይ ይመለሳል። ዓመቱን ሙሉ ልጁ ቤት ነው የሚያድረው። የሚፈርመው የክፍሉ ኃላፊ መምህር ነው፣ ያጠፋው ልጅ ወላጅ ይጠራል፤ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ደመወዝ ሲቆረጥ ግን አላየንም። የሒሳብ መጽሐፍ እንዲህ ከሄደ የተረት መጽሐፍ ለምን እንደ ወንበርና ጠረጴዛ ግቢ ውስጥ ታስሮ ይቆጠራል? መጻሕፍቱ በሞዴል 22 ለየክፍሉ ኃላፊ ይውጡ፣ በክፍል 20 ያህል በካርቶን ይቀመጡ፣ የክፍሉ አለቃ ደብተር ይዞ ያበድር። በዓመቱ መጨረሻ ጉድለቱ በወላጅ መምህር ህብረት ቃለ ጉባኤ ይያዝ።

ቁጥር 28 ወዲያው ከች ብሎ ይሄ ለሌባ በር መክፈት ነው አለ። ቁጥር 4 ግን፣ ያ በመጀመሪያ የተቃወመው የሂሳብ ሠራተኛ፣ በቁጥር 29 ተመልሶ ቃለ ጉባኤ ካለ እኔም እስማማለሁ አለ። አሁንም የጠነከረው መቆጣጠሪያ ላይ ነው፣ ገደቡ ግን ግቢው መሆኑ ቀረ። ክር ውስጥ ሰው እንዲህ ሐሳቡን ሲያሻሽል ማየት ብርቅ ነው፤ ሁለት ሰው ብቻ ነው ያመሰገነው።

ቁጥር 30 ተማሪ ናት። ስምንተኛ ክፍል ነች፣ በእናቷ ስልክ ነው የጻፈችው። ዘንድሮ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። መጀመሪያ ታላላቆቿን ሁሉ ይቅርታ ጠየቀች፣ ከዚያ ማናችንም ያላሰብነውን ነገረችን። ቤተ መጻሕፍቱ የሚከፈተው በመንግሥት የሥራ ሰዓት ነው። እኛ ክፍል ስንሆን ክፍት ነው፣ ምሳ ሰዓት ስንወጣ ሠራተኛውም ምሳ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ከክፍል የምንለቀቀው 9:30 አካባቢ ነው። ወንዶቹ ያኔ ሄደው ያነባሉ፣ ሴቶቹ ግን ውኃ ይጠብቀናል፣ ታናናሾቻችን ይጠብቁናል አለች። ቅዳሜ ዝግ ነው። እዚያው አንብቡ ማለት ለእኛ አታንብቡ ማለት ነው። ማታ ግን እናቷ እንጀራ ስትጋግር እሳቱ ዳር ተቀምጣ ለታናሽ ወንድሟ የምታነብበት ጊዜ አላት። የምታነብለት መጽሐፍ ብቻ ነው የሌላት።

ብዙ ልብ ተለጠፈ። የማረከኝ ግን የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ መልስ ነው። በቁጥር 31 የምሳ ሰዓቱን ከፈለጋችሁ እኔ ቀደም ብዬ በልቼ እከፍታለሁ አለ። ያ ዘበኛ የተባለው ሰውዬ ነው ይሄን ያለው። ቁጥር 9 ምን እንደሚሰማው አላውቅም፤ አንድ አውራ ጣት ብቻ ለጥፎ አልፏል።

ቅዳሜን በተመለከተ ቁጥር 32 ጂዳ ያለች እህታችን ናት። ሰው ቤት ትሠራለች። የቅዳሜውን የሚከፍት ሰው ካለ የሻይ እኔ በየወሩ እልካለሁ አለች። ቁጥር 33 እህቴ ተባረኪ፣ ግን የአንቺ ብር የቀረ ቀን ቅዳሜውም ይቀራል፣ ብርሽን ለራስሽ ያዢው አላት። ትንሽ ሸካራ አነጋገር ነው፣ ውስጡ ግን ርኅራኄ አለ። እሷም መለሰች፦ ገንዘቤን የምሰጥበትን እኔ አውቃለሁ፣ እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጥኩት። እዚያ ላይ ክሩ ለጥቂት ሰዓት ዝም አለ።

ዝምታውን የሰበረው ቁጥር 35 ነው፤ የትምህርት ቤቱ ጎረቤት። እሱን የሚያሳስበው የሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ ነው። ጠዋት የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት፣ ዕረፍት ላይ ዘፈን፣ ከሰዓት ደግሞ የጠፋ ደብተር ማስታወቂያ። ተረት ካነበባችሁ እኔም እሰማለሁ፣ ያንን አንድ ዘፈን ግን ለእግዚአብሔር ብላችሁ ተዉልኝ አለ። ቁጥር 36 የአባባ ተስፋዬን የልጆች ጊዜ አንስቶ ልጆች የዛሬ አበባዎች ሲሉ ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት እንዴት ይሞላ እንደነበር ጻፈ። ቁጥር 37 ወደ ወላጆች ቀን ዘለለ፦ በየዓመቱ ሰኔ ላይ የሚታየው ድራማ ሰካራም አባትና የምታለቅስ እናት ነው፣ ዘንድሮስ አይቀየርም ወይ? የሥነ ጽሑፍ ክበቡ ከአዲሶቹ ተረቶች አንዱን ወስዶ ወደ መድረክ ቢያወጣው ምናለበት አለ። እንደ ቀልድ ነው የተጀመረው፣ መምህርቷ ግን ይዛዋለች። ሰካራሙን አባት ለረጅም ዓመት የተጫወተው ልጅ አሁን ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እሱም ብቅ ብሎ ሳቀ።

ቁጥር 39 የወላጅ መምህር ህብረቱ ሰብሳቢ ናቸው። ቃለ ጉባኤውን እንይዛለን፣ ነገር ግን ወላጅ ሁሉ ተጠርቶ ይወቅ አሉ። ሳይነግሩት ልጁ ያመጣውን መጽሐፍ እሳት ማቀጣጠያ የሚያደርግ ሰው እንዳለ እሳቸው ያውቃሉ። የሚያነበው ባይኖር እንኳ ምን እንደሆነ ይወቅ ነው የሚሉት። ልጆቹ መጻሕፍቱን በካኪ ወረቀት እንዲሸፍኑ፣ የተገነጠለውን በመርፌና ክር እንዲሰፉ አንድ ከሰዓት በኋላ ይመደብ አሉ። ይሄ ደግሞ ለእጅ ሥራ ትምህርት ይቆጠርላቸዋል።

የመጨረሻው፣ ቁጥር 40፣ የርዕሰ መምህሩ ነው። አጭር ነው፣ እንደ ማስታወቂያ። ለጊዜው ለሦስተኛና ለአራተኛ ክፍል በየክፍሉ ኃላፊ ስም ሞዴል 22 ይሠራል። መዝገበ ቃላቱና ካርታዎቹ ቤተ መጻሕፍት ይቀራሉ። የምሳ ሰዓቱ ከሰኞ ጀምሮ ይሞከራል። የቅዳሜው ጉዳይ በወላጆች ስብሰባ ይታያል። ስብሰባው የሚደረገው በገበያ ቀን ነው፣ ምክንያቱም የገጠር ወላጅ ከተማ የሚገባው ያኔ ነው። እዚህ ላይ የዘማቹን አባት መልስ አስታወስኩ፤ ለብድሩ መመለሻም ይሄው ቀን ቢሆን የገጠሩ ልጅ መጽሐፉን ከአባቱ ጋር መልሶ መላክ ይችላል። ይሄን ራሴ በቁጥር 41 ጽፌዋለሁ።

አንድ ያልተስማማኝ ነገር አለ። ቁጥር 30 ላይ የጻፈችው ልጅ ስምንተኛ ክፍል ናት፣ ውሳኔው ሦስተኛና አራተኛን ብቻ ነው የሚመለከተው። ለታናሽ ወንድሟ የምታነብለትን መጽሐፍ በማን ስም ትወስዳለች? ወንድሟ ሁለተኛ ክፍል ከሆነ ሁለቱም ቀሩ። ርዕሰ መምህሩን ጠይቄአቸዋለሁ፣ እስካሁን አልመለሱም። ስብሰባው ላይ የምትገኙ ሰዎች እባካችሁ አንሱት፤ ለቨርጂኒያው ወንድማችንም ዝርዝሩን ላኩለት።